ወርቂቱና አብነት የማይጠይቀው ጠብታ

«የለም» የሚለው ቃል ከወርቂቱ አፍ አይወጣም። ጎረቤት ስኳር ቢጠይቃት፣ የሥራ ባልደረባ ዛሬ ተኪኝ ቢላት፣ አውቶቡስ ላይ ያገኘችው የማታውቀው ሽማግሌ ስልኩን አስተካክይልኝ ብሎ ቢዘረጋላት፣ እጇ ከአፏ ቀድሞ ይሄዳል። ሰጥታ ስትጨርስ ደግሞ ከተቀባዩ ይልቅ ደስ የሚላት እሷ ናት። እናቷ ወይዘሮ ማንተገብሽ «እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ገሉን ባዶ ይዞ አይመለስም» እያሉ ነው ያሳደጓት። እሳቸው በተወለዱበት በጎንደር ገጠር ክብሪት ብርቅ ነበር። ምድጃው የጠፋበት ሰው ስባሪ ገል ይዞ ከጎረቤት ፍም ይጭር ነበር፤ ፍም የከለከለ ሰውም ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሳ ነበር።

ወርቂቱ ያንን ምድጃ በወጉ አታስታውሰውም። ወደ እስራኤል የገባችው የወተት ጥርሶቿ ገና እየወለቁ ሳለ ነው። ያደገችው ረሆቮት ከተማ አፍንጫ ሥር ባለችው በቂርያት ዔቅሮን ነው። ውትድርናዋን ከጨረሰች በኋላ ዘመዶቿ ነርስ ሁኚ ቢሏት «ደም አልፈራም፤ ግን ሰው ሲያለቅስ አብሬ አለቅሳለሁ። እኔ ሳለቅስ መርፌውን ማን ይወጋል?» ብላ የላቦራቶሪ ሙያ ተማረች። ረጅም፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ሥራ ስትጀምር ጸጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ በእርሳስ ትወጋዋለች፤ ከዚያ ያንኑ እርሳስ ስትፈልግ ትውላለች። ባልደረቦቿ የት እንዳለ እያዩ አይነግሯትም፤ ፍለጋዋን ይወዱታል።

ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ የምርምር ሕንፃ ውስጥ፣ ኦስናት የምትባል ተመራማሪ ዘንድ ነው የምትሠራው። የኦስናት ጥናት ስለ ጡት ነው። እናት አይጥ ልጆቿን ስታጠባ ጡቷ ውስጥ የወተት ጓዳዎች ይሞላሉ። ልጆቿ ጡት ሲጥሉ ጓዳዎቹ ይታጠፋሉ፤ ወተት ሲሠሩ የነበሩት ሴሎችም ሥራቸው ስላለቀ በጸጥታ ይሰናበታሉ። ኦስናት እንዴት እንደሚሰናበቱ ማወቅ ትፈልጋለች። ወርቂቱም ትፈልጋለች። ልጇን ሃዳስን ጡት ያስጣለቻት በቅርቡ ነበርና፣ ደረቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ሸሚዟ ርሶ፣ «ይህ ሁሉ ወተት የሚሠራው ቤት ወዴት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠይቃ ታውቃለች። ኦስናት ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነስታ ነበር የሳቀችው።

«ስንት ዓመት የለፋሁበትን ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ጨረስሽው!»

ጥናቱ ተጽፎ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ተልኮ ነበር። መጽሔቱ ግን መለሰው። «ሴሎቹ በራሳቸው ጊዜ እንደሚሞቱ ነገራችሁን፤ እስቲ በዓይናችን አሳዩን» የሚል ጥያቄ አብሮት መጣ። ኦስናት ወርቂቱን ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ይህቺ ሥዕል ያንቺ ናት» አለቻት። «ከመቁረጥ እስከ ማይክሮስኮፕ ራስሽ ትሠሪያታለሽ። እስከሚመጣው ሐሙስ ከደረሰች ስምሽ ከጸሐፊዎቹ ጋር ይገባል። ካልደረሰች ያንን አንቀጽ አውጥቼ ያለ ሥዕሉ እልከዋለሁ። ያን ጊዜ ስምሽን ላስገባው ብል እንኳ አልችልም፤ ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«ቤሰደር» አለች ወርቂቱ፤ በዕብራይስጥ «እሺ» ማለቷ ነው።

ስንት ጥናት ነው በእጇ ያለፈው! እሷ ያጠበችው፣ እሷ የቆረጠችው፣ እሷ የቀባችው ታትሞ ሲመጣ የሌሎችን ስም እያነበበች «እንኳን ደስ ያላችሁ» ትላለች። ቅናት አልነበረባትም። አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ገጽ ላይ ብቻ፣ የራሷን ማየት ፈለገች።

ዓርብ ዕለት እናቷ ቤት ምሳ ላይ ነገሩን አወጋች። ወይዘሮ ማንተገብሽ በስተርጅና በአረጋውያን ክበብ ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው። መምህርቷ ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን አንድ ባንድ እያዩ ይገለብጣሉ፤ ሰሌዳው ከተጠረገ እጃቸው ይቆማል። ስለዚህ ወርቂቱ ለሥዕሏ የምትጠቀምበትን ኤንዛይም ለማስረዳት ሩቅ አልሄደችም።

«ሰውነታችን ውስጥ ፊደል የሚጽፉ ሠራተኞች አሉ፣ እማ። ዲኤንኤ የሚባለውን ረጅም ክር ይጽፋሉ። ሁሉም እንዳንቺ ናቸው፤ ከፊታቸው የተጻፈ አብነት ከሌለ አንዲት ፊደል አይጥሉም። አንዱ ብቻ አብነት አይጠይቅም። ቲዲቲ ይሉታል። የክሩን ጫፍ ይይዝና አጠገቡ ያገኘውን ፊደል እየለቀመ ይቀጥልበታል፤ ይቀጥልበታል።»

«ምንም ሳያይ?»

«ምንም ሳያይ።»

«እንዲያማ ከሆነ ባንቺአየሁ ናት በይኛ!» አሉ እናቷ ጉልበታቸውን መትተው። ባንቺአየሁ ከፎቃቸው በታች የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው። «የወሬ ጫፍ ስጫት እንጂ፣ የቀረውን ከየትም አምጥታ እስከ አሽዶድ ታደርስልሻለች!»

«እማ! እትዬ ባንቺአየሁ ይሰማሉ፣ መስኮቱ ክፍት ነው።»

«ትስማ! ዛሬ በሳይንስ ተረጋገጠ።»

ስቀው ሲያበቁ ግን ወይዘሮ ማንተገብሽ ኮስተር አሉ። «ታዲያ ቀባጣሪ ለምን ይጠቅማችኋል?»

ይጠቅማል። ሴል በራሷ ጊዜ ስትሞት ዲኤንኤዋን ትቆራርጠዋለች፤ ቁርጥራጭ ሲበዛ ደግሞ ጫፍ ይበዛል። ወርቂቱ ከጡቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቁራጭ መስታወት ላይ ትለጥፍና፣ ቲዲቲውን አረንጓዴ ከሚያበሩ ፊደሎች ጋር ትጨምርበታለች። እሱም ያገኘው ጫፍ ላይ ሁሉ እነዚያን ፊደሎች ይቀጥላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እየሞቱ ያሉት ሴሎች በጨለማ እንደ ፋኖስ ያበራሉ፤ በሕይወት ያሉት ግን ጨለማ ሆነው ይቀራሉ።

«ስለዚህ የሚሞተውን በመብራት ይሸኘዋል» አሉ እናቷ። ወርቂቱ እንዲህ አስባው አታውቅም ነበር።

እሑድና ሰኞ ቁራጮቹን ስታዘጋጅ ዋለች። ማክሰኞ ጠዋት፣ እርሳሱን ጸጉሯ ላይ ሰክታ፣ ፍሪዘሩን ከፍታ የቲዲቲውን ብልቃጥ አወጣች። ብልቃጧ ከትንሿ ጣት ጫፍ አትበልጥም። ውስጧ ያለው ፈሳሽ ብርድ የማያረጋው፣ እንደ ማር የሚጎተት ነው። ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት። ዘቀዘቀቻት። በጥፍሯ መታ መታ አደረገቻት። ከግድግዳዋ ላይ ካለው ወዝ በቀር ምንም የለም።

የሰረቀ ሰው የለም። የሰጠችው ራሷ ናት።

የአጠገባቸው ላቦራቶሪ ተማሪ ድቪር «ወርቂቱ፣ ጠብታ ብቻ» እያለ ይመጣ ነበር። እሱ መጨረሻውን የማያውቀው የዲኤንኤ ክር አለው፤ ቲዲቲው ጫፉ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ደጋግሞ ጭራ ያበጅለታል፣ ድቪርም በጭራው ይዞ ይስበዋል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሞሼም ክሮቻቸው ላይ የሚታይ ምልክት ለመቀጠል ወስደዋል። ድቪር ደግሞ ሌላ ጊዜ መጥቷል። ከዚያም ሌላ ጊዜ። አንድም ጊዜ የቀረውን አልለካችም፤ እሳት ሊጭር በመጣ ሰው ፊት ፍም የሚቆጥር ማን ነው? አዲስ ልዘዝ ብትል ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ሐሙስ አልፎ ሌላ ሐሙስ ይደርሳል።

ደጅ ወጥታ ከብርቱካን ዛፎቹ ሥር ቆመችና እናቷ ዘንድ ደውላ የሆነውን ነገረቻቸው።

«ሄደሽ ጠይቂያቸዋ» አሉ ወይዘሮ ማንተገብሽ።

«እማ! የሰጠሁትን መልሱልኝ ልበል? ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«መልሱልኝ በይ ማን አለሽ? አንቺ ልጅ፣ ግማሹን ነው እንዴ ያስተማርኩሽ? እሳት ሰጥተሽ የራስሽ እሳት ቢጠፋ ወዴት ትሄጃለሽ? ገልሽን ይዘሽ ወደ ሰጠሻት ነዋ! ያ ማስመለስ አይደለም፣ መጫር ነው።»

«ያፍራል ሰው፣ እማ።»

«አየሽ፣ ሁልጊዜ ሰጪ ሆኖ የማይለምን ጎረቤት ደግ ይመስለዋል እንጂ ኩሩ ነው። ሰዉን ሁሉ ባለውለታ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይልቅ ሂጂ፣ እኔ ልሙትልሽ፤ ቀኑ ሳይመሽ።»

ወርቂቱ ስልኩን ዘግታ ወደ ላቦራቶሪው ተመለሰች። ከዚያ ገል በሌለበት አገር የበረዶ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወጣች።

በሩ ላይ ስትቆም ድቪር ከነባልዲዋ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ልትሰጪ ነው የመጣሽው?»

«ልወስድ።»

«አንቺ?» ወደ ውስጥ ዞሮ ጮኸ። «ያላ፣ ሁላችሁም ኑ! ወርቂቱ ልትለምን መጣች!» ፊቷን ሲያይ ግን ቀልዱን ተወው። «ምን ሆነሻል?»

ነገረችው። ድቪር ግንባሩን ያዘ። «እኔ እኮ እናንተ ጋ ምንጭ ያለ ነው የመሰለኝ! አንድም ቀን አለቀ ብለሽ አታውቂማ!» ፍሪዘሩ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ ጎንበስ ብሎ ፈተሸና አንዲት ብልቃጥ አወጣ። «ይህን ቀባጣሪ አንድ ቀን ያዘዝኩትን ብቻ እንዲጽፍ ላስተምረው ብዬ ያስቀመጥኳት ናት። ትምህርቱ ይቆይ። ውሰጃት።»

ስትለካት ለሁለት መስታወት የምትበቃ ነበረች። ወርቂቱ ግን ለሦስት ያስፈልጋታል፤ አንዱ ከምታጠባ አይጥ፣ አንዱ ልጆቿ ጡት ከጣሉ አይጥ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዲኤንኤው ሆን ተብሎ የተቆራረጠ የመፈተኛ መስታወት።

«መፈተኛውን ተይው» አላት ድቪር። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አላውቅማ! የምታጠባዋ ጨለማ ብትሆን፣ የሚሞት ስለሌለ ነው ወይስ ቲዲቲው ስለተኛ? መፈተኛው ካልበራ ምን አምኜ አያለሁ?»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ሞሼ ጥያቄዋን እንደሰሙ በኩራት ፍሪጃቸውን ከፈቱ። የወሰዱት አልተነካም! ብልቃጧ በፍሪጁ በር ላይ፣ ከእርጎአቸው አጠገብ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«ሞሼ» አለች ወርቂቱ በቀስታ፣ «እዚህ ነው የከረመችው?»

«ታዲያ! ቀዝቃዛ ነው እኮ።»

ወርቂቱ ወደ ታች ይዛት ወረደችና ትርፍ መፈተኛ መስታወት ላይ ሞከረቻት። ሞሼም ተከትለዋት መጥተው በማይክሮስኮፑ አብረዋት አዩ። ድቅድቅ ጨለማ። ቲዲቲው እንደ ፍሪዘር ያለ ብርድ ካላገኘ አይከርምም፤ ከእርጎው ጋር ከርሞ ሞቷል።

«ገደልኩት» አሉ ሞሼ።

«ነፍስ ይማር» አለ በሩ ላይ የቆመው ድቪር።

«አትሳቅ አንተ! እኔ ይህን ነገር በገዛ እጄ ከጥጃ ያወጣሁ ሰው ነኝ!» እውነታቸው ነበር። በወጣትነታቸው ዘመን በብልቃጥ የሚሸጥ ለእነሱ አይደርሳቸውም ነበርና፣ ባልዲ ይዘው ቄራ ይሄዱና ከጥጃው ልብ በላይ የምትገኘውን ቲመስ የምትባል ሥጋ ያመጡ ነበር። እሷን ፈጭተው፣ አጥልለው፣ ብዙ ተቸግረው ጥቂት ቲዲቲ ያገኙ ነበር። «ያኔ አንዲት ጠብታ እንደ ዓይን ብሌን ነበረች። ዛሬ በእርጎ ገደልኳት!» ሲሉ ለራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ የድቪርን ብልቃጥ አነሱ። «ለሁለት ትበቃለች አልሽ? ማነው የሚለው? እንዴት ነው የምትጨምሪው?»

«ቁራጩ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ እስኪሸፍነው።»

«እንደ ባለጠጋ! ነይ።» ሞሼ ከመሳቢያ እንደ ሰም የሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ አወጡ። በቁራጩ ልክ ቆርጠው፣ አንዲት የውሃ ጠብታ መስታወት ላይ አስቀምጠው፣ ፕላስቲኩን በአንድ ጎን አስይዘው ቀስ ብለው አጋደሙት። ጠብታዋ ከፕላስቲኩ ሥር እንደ ዘይት ተዘርግታ ጥግ እስከ ጥግ ደረሰች። አየር ቋጥራ የቀረች ቦታ የለችም። «ድህነት ያስተማረኝ ነው» አሉ። «አሁን ስንት ይወጣልሻል?»

ወርቂቱ በዓይኗ ለካችው። «ሦስት» አለች። «ሦስት ይወጣል!»

ረቡዕ ጠዋት መስታወቶቹን ደረደረች። ሦስቱ ቲዲቲ የሚነካቸው ናቸው፤ አራተኛው ያለ ቲዲቲ የሚቀር ነው፣ ሥጋው ከራሱ የሚያበራ ነገር ካለው እንዲያጋልጥ። ቲዲቲውን የሚያስነሳው ፈሳሽ ውስጥ ኮባልት የሚባል ማዕድን አለበት፤ ቲዲቲ ያለ እሱ አይሠራም፤ ከእሱም የተነሳ ፈሳሹ የሕፃን ከንፈር የመሰለ ሮዝ ቀለም አለው። ከቲዲቲውና ከሚያበሩት ፊደሎች ጋር ቀላቀለችው። ፕላስቲኩን እንደተማረችው አጋደመችው፤ አንደኛው ተዘረጋ፣ ሁለተኛው ተዘረጋ። ሦስተኛውን ትንሽ ቸኩላ አጋደመችውና ጥግ ላይ አንዲት የአየር እንክብል ቀረች። አልነካካችውም። መስታወቶቹን እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ አስተኝታ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ በሚሞቀው ማሞቂያ ውስጥ አስገብታ በሩን ዘጋች። ድቪር በአይብ የተሞላ ትኩስ ቡሬካስ ገዝቶ መጣ። «ብይ እንጂ፤ አፍጥጠሽ ብታይው አይፈጥንም» አላት። ቡሬካሱን በእጇ ይዛ ማሞቂያውን ማየቷን ቀጠለች።

መስታወቶቹ ታጥበው ሲወጡ የማይክሮስኮፑን ክፍል መብራት አጠፋች። መጀመሪያ ያለ ቲዲቲ የቀረውን አየች፤ ጨለማ። እሰይ። ቀጥሎ መፈተኛውን። ዓይኗን ከማስጠጋቷ አረንጓዴው ፊቷ ላይ ፈነዳ፤ እያንዳንዷ ሴል እንደ ደመራ ብርሃን ቦግ ብላለች፣ የአየር እንክብሏ ከነበረችባት ጥግ በቀር። ቲዲቲው ንቁ ነው! ከዚያ የምታጠባዋን። የወተት ጓዳዎቹ ሞልተው፣ ተኮፍሰው፣ ጨልመው ተቀምጠዋል፤ አልፎ አልፎ አንዲት ነጥብ ብቻ ብልጭ ትላለች። ሥራ ላይ ናቸው።

የመጨረሻውን፣ ልጆቿ ጡት የጣሉባትን አይጥ መስታወት፣ አስገባች።

በጓዳዎቹ ጥግ ጥግ ላይ መብራቶች በርተዋል። እዚህ አንዲት፣ እዚያ ሁለት፣ ከወዲያ ደግሞ ዘለላ። አጠገባቸው ያሉት ጎረቤቶቻቸው ጨለማ ሆነው በየቦታቸው አሉ። የፈረሰ ነገር የለም። የተቃጠለ ነገር የለም። ወተቱን የሠሩት ሴሎች ሥራቸውን ጨርሰው፣ ግድግዳውን ለሌላ ጊዜ ትተው፣ በተራ እየወጡ ነው። ወርቂቱ ሃዳስን ያስጣለችበትን ሰሞን አሰበች። ያኔ ደረቷን ይዛ ስታለቅስ አንድ ነገር የተወሰደባት መስሏት ነበር። ለካ ውስጧ ይህን የመሰለ ሥርዓት ነበር! ጮክ ብላ ሳቀች፤ ድቪር በሩን በርግዶ ገባ፣ ሞሼም ከኋላው። ተራ በተራ አዩ። ሞሼ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

ሐሙስ ጠዋት ሥዕሎቹ ኦስናት ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ኦስናት አንድ በአንድ እያነሳች አየቻቸው።

«ቆንጆ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «ግን ለምን ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ? ብልቃጡ ሙሉ አልነበረም እንዴ?»

ወርቂቱ ልትዋሽ ትችል ነበር። አልሆነላትም። «ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ሰጥቼ ጨረስኩት። ይህ የተሠራው ከድቪር ለምኜ ባመጣሁት ነው፤ ያብቃቁልኝም ሞሼ ናቸው።»

«የእኛን ኤንዛይም ለሕንፃው ሁሉ አደልሽው?»

«አዎ።»

«ሳትነግሪኝ?»

«ሳልነግርሽ።»

የኦስናት ፊት ቀላ። «ድቪር ባይኖረውስ? ይህን ሁሉ ሥራ በአንድ ብልቃጥ ምክንያት ልታበላሺው ነበር፣ ወርቂቱ! ያንቺንም ስም ጨምረሽ!»

«አውቃለሁ። ማክሰኞን እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ኦስናት እንደገና ወደ ሥዕሉ ዞረች። መፈተኛውን አየችው፣ ጥግ ላይ ያለችውን ጨለማ እንክብልም አየቻት። «ጠብታ ሲያጥርሽ እንኳ መፈተኛውን አልተውሽም» አለች፤ ድምፅዋ ረገብ ብሎ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ብልቃጥ ነው የምናዘው። አንዱ የእኛ ነው፣ አይነካም። አንዱን እንደ ፍላጎትሽ። ግን ንገሪኝ! በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ ድቪርንና ሞሼን እናመሰግናለን።» ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ፣ ስምሽ ከእኔ ስም በፊት ይግባ። ራስሽ ጻፊው።»

ወርቂቱ ተቀመጠች። የሰውን ስም ብዙ ጊዜ አስተካክላ ጽፋ ታውቃለች፤ የራሷን ግን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷ ስትወጣ እያየቻት ጻፈችው። ኦስናት ከትከሻዋ በላይ አነበበችና «ላኪው» አለቻት። ላከችው። ጥናቱ ሄደ።

ኦስናት ምሳ ልትጋብዛት ቦርሳዋን ስታነሳ ወርቂቱ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ?»

«ምን?»

«ሃዳስ የሕፃናት መዋያ ናት። ሁልጊዜ የምትወጣው ከልጆቹ ሁሉ መጨረሻ ነው። ዛሬ ቀደም ብዬ ልሂድ፤ አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ ትውጣ።»

ኦስናት ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። «አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ ለራስሽ የጠየቅሽኝ ይህ ብቻ ነው» አለች። «ሂጂ፣ ሂጂ! ምሳው እሑድ ይደርሳል።»

ወርቂቱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። መዋያው በር ላይ ስትደርስ ገና ሌላ እናት አልመጣችም ነበር። ሃዳስ ከአሸዋው ውስጥ ቀና ብላ አየቻት፤ አንድ እግር ጫማዋን አሸዋው ውስጥ ትታ እየሮጠች መጣች።